እንደ ድንጋይ የምትወረወረው ጭልፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው አቡዳቢ ነው፣ ሹፌር ነኝ። እዚህ አረቦቹ ትልልቅ ጭልፊት ይዘው ወደ በረሃ ሲወጡ አይቻለሁ። ባለፈው ግን አንድ ቱርካዊ የሥራ ባልደረባዬ ቪዲዮ አሳየኝ። አጎቱ እርግብ የምታክል ጭልፊት በመዳፉ ይዞ እንደ ድንጋይ ወረወራት፤ እሷም ድርጭት ይዛ ሣር ውስጥ ገባች። ይቺ ምን ዓይነት ጭልፊት ናት? ለምን በርራ አታመልጥም? አገሬ ስገባስ አንድ ይዤ ባሠለጥን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል፤ ስለዚህች ወፍ ማውራት እወዳለሁ።

ያየኸው ከቱርክ የጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ከሪዜና ከአርትቪን አካባቢ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ አትማጃ ይሏታል፤ በእንግሊዝኛ ስፓሮውሆክ የምትባለዋ ትንሽ ጭልፊት ናት። በተለይ በዚያ ዳርቻ የሚኖሩት ላዝ የሚባሉ ሕዝቦች ይህን አደን ከአባት ከአያት ነው የወረሱት፤ ድንበሩን ተሻግሮ ጆርጂያም አለ። የአረቦቹ ጭልፊት አንድ ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ ክንፏ ረጅምና ሹል ነው፣ ለሜዳ የተፈጠረች ናት። ይቺ ግን ሴቷ እንኳ 350 ግራም አትሞላም፣ ወንዱማ ከ200 ግራም በታች ነው። ክንፏ አጭር፣ ጅራቷ ረጅም ስለሆነ በቁጥቋጦ መሃል እየታጠፈች ትበራለች። ብዙ አታሳድድም፤ ቶሎ ካልያዘች ትተወዋለች። ለድርጭት የምትፈለገው ሴቷ ናት፣ ድርጭት ራሷ 100 ግራም ገደማ ናታ።

አያያዛቸው ነው የሚደንቀኝ። ነሐሴ ገደማ መጀመሪያ አፈር ቆፍረው ፌንጣ የመሰለ ነፍሳት ያወጣሉ። በእሱ አታለው አንዲት ትንሽ ወፍ ይይዛሉ። ከዚያ ያቺን ወፍ እንጨት ጫፍ ላይ አስረው፣ ከፊቷ መረብ ዘርግተው፣ ኮረብታ ላይ ጎጆ ውስጥ ተደብቀው ይጠብቃሉ፤ ጭልፊቷ ስታልፍ እንጨቱን ነቅነቅ ሲያደርጉት ትንሿ ወፍ ትርገበገባለች፣ ጭልፊቷም ምግብ አገኘሁ ብላ ስትወረወር መረቡ ውስጥ ናት። እንዳትደነግጥ ብለው የትንሿን ወፍ ዓይን መሸፈናቸው ግን አይዋጥልኝም። ጥበብ ነው፣ ግን ለእሷ ጭካኔ ነው።

ቦታው የተመረጠው በከንቱ አይደለም። ያ ዳርቻ የስደተኛ ወፎች መተላለፊያ ነው፤ እዚያው አጠገብ፣ ጆርጂያ ውስጥ ባሉት የባቱሚ ተራሮች ላይ በአንድ መከር ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳኝ ወፎች ወደ ደቡብ ያልፋሉ። ድርጭቶቹም ባሕሩን አቋርጠው ሲደርሱ ደክመው ሣሩ ውስጥ ያርፋሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ለምን አታመልጥም አልክ? ታመልጣለች እንጂ! ስትወረወር የሚይዛት ገመድ የለም። የሚመልሳት ፍቅር አይደለም፣ ምግብ ነው። መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ በእጅ ይዘዋት ይዞራሉ፣ ሻይ ቤት ሳይቀር ይዘዋት ይገባሉ፣ ሰውና ውሻና መኪና እስክትለምድ፣ ከእጅም እስክትበላ ድረስ። ከዚያ ወሳኙ ሚዛን ነው። ከጠገበች ዛፍ ላይ ወጥታ ታይሃለች፣ አትወርድም። ከከሳች ደግሞ ሰውነቷ በጣም ትንሽ ስለሆነ ያንቀጠቅጣታል፣ በአንድ ሌሊት ልትሞት ትችላለች። በጥጋብና በሞት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ግራም ነው! ለዚህ ነው ጠንቃቃ አሠልጣኝ በየቀኑ የሚመዝናት። ደግሞ ድርጭቷን አምጥታ አትሰጥህም። አንተ ነህ የታሰረላትን ቃጭል ድምፅ ተከትለህ የምትሮጠው፤ ትንሽ ሥጋ ታቀምሳታለህ፣ ድርጭቷን ትወስዳለህ። የአደኑ ወቅት ሲያልቅ ይለቋታል፣ መንገዷን ትቀጥላለች። በጣም የምወደው ይሄንን ነው።

ሦስተኛው፦ እባክህ አታድርገው። አገራችን ውስጥ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ ያስቀጣል። ቱርክም ቢሆን ለዚህ አደን ፈቃድ ይጠየቃል። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ይቺ ወፍ የጀማሪ አይደለችም። አውሮፓ ውስጥ ለጀማሪ የሚመክሩት ሃሪስ የሚባለውን የአሜሪካ ጭልፊት ነው፤ ከባድ ስለሆነ ትንሽ የሚዛን ስህተት አይገድለውም። በዚህችኛዋ ላይ ስትማር ግን የስህተትህን ዋጋ የምትከፍለው እሷ ናት።

ማየት ከሆነ የምትፈልገው ቀላል ነው። በአውሮፓ ክረምት ከሰሜን ከሚሰደዱት አንዳንዶቹ እስከ ኢትዮጵያ ይወርዳሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አገር ቤት ከገባህ፣ ዛፍ በበዛበት ቦታ ጠዋት ጠዋት ቀና በል። ቢጫ ዓይን፣ ቀጭን ረጅም ቢጫ እግር፣ ደረቷ ላይ አግድም መስመር ካለ፣ እሷ ልትሆን ትችላለች፤ የእኛው አገር ዘመዶቿም ስለሚመስሏት ረጋ ብለህ እያት። እስከዚያው አቡዳቢ ያለው የጭልፊት ሆስፒታል ጎብኚ ይቀበላል። ቀድመህ ቀጠሮ ያዝና ሂድ፤ የቆዳ ጓንት አጥልቀው ጭልፊት እጅህ ላይ ያሳርፉልሃል።