የሁለት ካህናት እህት

ከባሕር ዳር የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው። ጸሐፊዋ ባለትዳርና የልጆች እናት ናት። ታላቅ ወንድሟ ቄስ ናቸው፤ የአንድ ደብር አስተዳዳሪ። ታናሹ እዚያው ደብር መሪጌታ ናቸው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች በጣም ይወዷቸዋል። ጠቡ የተነሣው ከሕንፃ ሥራ ነው። መሪጌታው በስብሰባ ላይ ተነሥተው "የሕንፃው ገንዘብ በኦዲተር ይመርመር" አሉ። ቄሱ "የእናቴ ልጅ በሰው ፊት ሌባ አለኝ" ብለው ተቀየሙ። ከዚያ ወዲህ ደብሩም ቤተሰቡም ለሁለት ተከፍሏል። በኅዳር ሚካኤል እናታቸው ዝክር ሲያወጡ አንዱ ጠዋት መጥተው ሄዱ፤ ሌላው ሲመሽ ብቅ አሉ። ማታ ማታ ሁለቱም ለእህታቸው ይደውላሉ። "እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ" ይሏታል። እንቅልፍ አጥታለች። ትንሹ ልጇ ደግሞ "እኛ የማን ወገን ነን?" ብሎ ጠየቃት። እሷም እኔን የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወገን አልያዝሽም። ያደከመሽ ሁለቱ ወንድሞችሽ የሚነጋገሩት በአንቺ በኩል ብቻ መሆኑ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሙሬይ ቦወን በቤተሰብ ውስጥ የሚፈጠረውን እንዲህ ያለ ነገር በሦስት ማዕዘን መስሎ አስረድቷል። ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ያለው ውጥረት ሲከብዳቸው ሦስተኛ ሰው ይስባሉ። ለጊዜው ቀለል ይላቸዋል። ጠቡ ግን ባለበት ይቆያል። ቄሱ ላንቺ ተናግረው ስልኩን ሲዘጉ ይተኛሉ። መሪጌታውም ይተኛሉ። ጣራ ጣራ እያየሽ የምታነጊው አንቺ ነሽ።

ሌላም ነገር አለ። መልእክት ስታደርሺ ታለሳልሻለሽ። አልጻፍሽልኝም፣ ግን እገምታለሁ። "እሱም እኮ ከፍቶታል፣ ሊመጣ አስቧል" ትያለሽ። ታላቅየው ይጠብቃሉ። የሚመጣ የለም። ያን ጊዜ በድሮው ቂም ላይ አዲስ ይጨመራል።

ስለዚህ ይህን የመልእክተኛነት ሥራ ተዪው። ለሁለቱም በአንድ ቀን ንገሪያቸው። ለታላቁ፦ "ጋሼ፣ ስለ እሱ የሚሉትን ከእንግዲህ አላደርስም። ለእሱ ራስዎ ይንገሩት። ስለ እማዬና ስለ ልጆቹ ግን በፈለጉት ሰዓት ይደውሉልኝ።" ለታናሹም ይህንኑ ድገሚለት። ከዚህ አታስረዝሚው፤ ማብራሪያው ራሱ ሌላ መልእክት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ "አንቺም ለእሱ አደላሽ" መባልሽ አይቀርም። ሁለቱም ይሉሻል። ቻይው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። "ለቤተ ክርስቲያን አንድነት ሲባል ነገሩ ይዳፈን" የሚሉ ሽማግሌዎች እንዳሉ ጽፈሻል። እኔ አልስማማም። የታፈነ ጥያቄ ወደ ሐሜት ይሄዳል፤ ሐሜቱ ደግሞ ከማንም በላይ የሚጎዳው ታላቅ ወንድምሽን ነው። ንጹሕ ከሆኑ ምርመራው ስማቸውን ያጠራላቸዋል። ደግሞም የደብሩ አስተዳደር ጉባኤ፣ ሰበካ ጉባኤ፣ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ በተባለው የቤተ ክርስቲያን ደንብ ሲቋቋም ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች አብረው እንዲሠሩበት ነው። ጥያቄ ማንሣት ነውር የለበትም።

ግን ታናሽ ወንድም ታላቁን፣ ያውም ካህን የሆኑትን፣ በጉባኤ ፊት! ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚቆጠቁጥ ያውቃል። እንደማየው አንዱ ስለ ገንዘብ ያወራሉ፣ ሌላው ስለ ክብር። እየተመላለሱ የሚጨቃጨቁት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ገንዘቡ በሰበካ ጉባኤው ይታይ፤ እዚያ ካልሆነ ሀገረ ስብከት አለ። ክብሩ ግን እናታችሁ ቤት የሚጠገን ነው። መሪጌታው ጥያቄያቸውን ሳያጥፉ "አቀራረቤ ልክ አልነበረም" ማለት ይችላሉ። ቄሱም "ይመርመር" ብለው ቅሬታቸውን መናገር ይችላሉ።

"መጀመሪያ ማን ይቅርታ ይበል?" የሚለው ነገር ላይ እንዳትጣበቁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ለ26 ዓመት በአገር ቤትና በውጭ ሁለት ሲኖዶስ ሆና ኖራለች። በ2010 ዓ.ም. ዕርቅ ሲወርድ አቡነ መርቆሬዎስም አቡነ ማትያስም በፓትርያርክነታቸው እንዲቀጥሉ ተስማሙ፤ አንዱ በጸሎትና በቡራኬ፣ ሌላው በአስተዳደር። ውግዘቱም ከሁለቱም ወገን ተነሣ። ያን ያህል የከረረ ነገር ማንም ከመንበሩ ሳይወርድ ከተፈታ፣ የእናንተም መውጫ አያጣም።

ለፋሲካ ሁለቱንም ሳይነገራቸው አንድ ማዕድ ላይ ልታገናኚያቸው አስበሻል። ተዪው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ ተመራማሪ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ በሽልማት አፎካከራቸው። ልጆቹ እንደ ጠላት ተያዩ። አብረው እንዲበሉ ሲያደርግ ምግብ ተወራወሩ። የለዘቡት አንዱ ቡድን ብቻውን የማይወጣው ሥራ ሲመጣ ነው፤ የውኃ መስመር ሲቋረጥ፣ የቆመ መኪና በገመድ ሲጎትቱ። ወንድሞችሽ እንጀራ ይወራወራሉ ብዬ አልሰጋም። ተኮራርፈው በልተው ከሄዱ ግን እናትሽ ከኅዳሩ ይልቅ ይጎዳሉ።

የጋራ ሥራውን ራስሽ ጽፈሽዋል፣ በአንድ መስመር አልፈሽው ነው እንጂ። አባታችሁ የተቀበሩት ዘጌ ነው፤ ሙት ዓመታቸውም ደርሷል። ቅዳሴው ቄስ ይፈልጋል፣ ማኅሌቱ መሪጌታ። እናትሽ ሁለቱን ይጥሯቸውና "ቅዳሴውን አንተ፣ ማኅሌቱን ወንድምህ፤ በአንድ ጀልባ ሂዱልኝ" ይበሏቸው። ልብ በይ፣ እናትሽ ናቸው የሚጠይቁት። አንቺ ከጠየቅሽ ተመልሰሽ መሐል ገባሽ። እዚያ ስለ ኦዲት ማንም እንዳያነሣ። ዕርቅ ባይወርድ እንኳ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ጠላው መነጋገራቸው አይቀርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል።

ለልጅሽ "ሁለቱም አጎቶችህ ናቸው፤ የትልልቆች ጉዳይ ስለሆነ እነሱ ይጨርሱታል" በይው። እሱ ፊትም በስልክ አታውሪው።

እንቅልፉን በተመለከተ፣ ስልክ መቀበሉን ካቆምሽ በኋላም ሳምንታት አልፈው ካልተመለሰልሽ በጸሎትና በዝምታ ብቻ አትታገዪው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ሂጂና ታዪ።