ስታዲየሙን ባዶ ያደረገው ቴሌቪዥን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ነው፤ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ነኝ። የ9 ዓመት ልጄ የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራልሃል፤ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ግን አንድም ቀን አላያቸውም። ጓደኞቼ «ሊጉ በቀጥታ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ስታዲየም ሞተ» ይላሉ። እውነት ሰዉን ያስቀረው ቴሌቪዥን ነው?
አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ልጅህ ነው የታየኝ። እኔ በእሱ ዕድሜ አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ፣ አጎቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ነበር ኳስ የማየው።

ፍርሃቱ የቆየ ነው። እንግሊዞች በ1960 እ.ኤ.አ. የብላክፑልና የቦልተንን የሊግ ጨዋታ በቀጥታ አስተላለፉ። ክለቦቹ ደነገጡ፤ አርሰናልና ቶተንሃም እኛ ሜዳ ካሜራ አይገባም አሉ፣ ሙከራውም ብዙ ሳይቆይ ቀረ። እስከ ዛሬም እዚያው አገር ቅዳሜ በእነሱ ሰዓት ከቀኑ 8፡45 እስከ 11፡15 ጨዋታ በቀጥታ ማሳየት አይፈቀድም። የትንንሾቹን ክለቦች ትኬት ለመጠበቅ ነው። እኛ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቀን የምናየውን የዚያን ሰዓት የቅዳሜ ጨዋታ ለንደን ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አያየውም ማለት ነው።

ጀርመኖች ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የላቸውም። የቡንደስሊጋው ጨዋታ ሁሉ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ዶርትሙንድ ደግሞ በየጨዋታው 80,000 ገደማ ሰው ያስገባል። ከጎሉ ጀርባ ባለው አንድ ክንፍ ብቻ ወደ 25,000 ሰው ቆሞ ይጨፍራል። ትኬቱ እዚያ ክንፍ ላይ ርካሽ ነው፣ ብዙው ጨዋታ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡድኑ የሚጫወተው እዚያው ከተማው ውስጥ ነው።

የእኛ ችግር እዚህ ላይ ነው። ሊጋችን ዲኤስቲቪ ላይ መታየት የጀመረው በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው። ኮሮናም ነበር፣ ቀረጻውም በአንድ ቦታ ይቀላል፤ ስለዚህ ቡድኖቹ ሁሉ ተሰብስበው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ማን ነበር? ያንተው ፋሲል! ዐፄዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ ሲያነሱ ጎንደር ያለው ደጋፊ በስክሪን ነው ያየው። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለጓደኞችህ እንዲህ በላቸው፦ ካሜራው ብቻውን ሰው አያስቀርም። ሰዉን ያስቀረው ጨዋታው ከከተማው መውጣቱ ነው፤ በሥራ ቀን፣ ሰው ቢሮና ሱቅ ባለበት ሰዓት ሲደረግ ደግሞ አስተናጋጁ ከተማ ያለው ሰው እንኳ አይገባም። የሲዳማ ልጅ ድሬዳዋ ላይ ሁለት የማያውቃቸው ቡድኖች ሲጫወቱ አይቶ ምን ያደርጋል?

ካሜራው የሚጎዳበት አንድ ነገር ግን አለ። ባዶ ሲሚንቶ በየሳምንቱ ሲያሳይህ አንተም «ማንም የለም፣ ምን ልሠራ እሄዳለሁ» ትላለህ። ዲኤስቲቪ ቤት ሄደህም የእኛ ጨዋታ ከአርሰናል ጋር በአንድ ሰዓት ከገጠመ ባለቤቱ ሪሞቱን የት እንደሚያዞረው ታውቃለህ። ገበያው እዚያ ነውና አልፈርድበትም።

እኔን ቢጠይቁኝ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለክለቦቻችን ያስፈልጋል፣ ይቅር አልልም። ግን እያንዳንዱ ክለብ በዓመት የተወሰነ ጨዋታ፣ አምስትም ቢሆን፣ በገዛ ሜዳው እሁድ ከሰዓት ይጫወት፤ ካሜራው ይከተለው። ፋሲለደስ ስታዲየም አንድ እሁድ ቢከፈት ልጅህን ይዘህ ከጠዋቱ ሰልፍ እንደምትይዝ አልጠራጠርም።