ከትምህርት ክፍል ኃላፊነት ወደ ምክትል ርዕሰ መምህርነት፦ መልስ

በግል ትምህርት ቤት የሂሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነው «ምክትል ርዕሰ መምህር ለመሆን መጀመሪያ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር?» ብለው ለጠየቁት መምህር፦

ዲግሪው ይጠቅማል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ለሥራ ልምዱ ነው። ቀጣሪዎ ቦርድም ይሁን ባለቤት፣ የሚፈልገው ከአንድ የትምህርት ዓይነት ያለፈ ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ነው። የተማሪ ቅበላን፣ የአዳዲስ መምህራን ማለማመጃን ወይም የክፍለ ጊዜ ድልድልን ለአንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። በእኔ እምነት ድልድሉ ይበልጣል፤ የመምህር እጥረቱም የክፍል ጥበቱም የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

በጀት ማንበብም ይልመዱ። ገቢው በአብዛኛው የወላጆች ክፍያ፣ ትልቁ ወጪ ደግሞ ደመወዝ ነው። 25 ተማሪ የነበረው ክፍል ወደ 20 ቢወርድ ከክፍሉ የሚገኘው ክፍያ በ20 በመቶ ይቀንሳል፤ የመምህሩ ደመወዝ ግን ያው ነው። ይህን ሳያውቁ ቦርድ ፊት ቀርቦ ተጨማሪ ሰው መጠየቅ ከባድ ነው።

ብዙዎችን የሚያሰናክለው የትናንት ባልደረባን መገምገም ነው። ክፍል ገብተው ሲከታተሉ ፍርድ አይጻፉ፤ ያዩትን ይጻፉ። «ተሳትፎው ደካማ ነው» ሲባል መምህሩ ይከራከራል። «ከ8 ጥያቄ 7ቱን የመለሱት የፊት ረድፍ ተማሪዎች ናቸው» ሲባል ግን መፍትሔ ወደ መፈለግ ይሄዳል። ውይይቱ ከማግስቱ አይለፍ፤ የሚስተካከለውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን።

ሹመቱን ከመቀበልዎ በፊት በቅጥር፣ በዲሲፕሊንና በወጪ የመጨረሻ ወሳኙ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።