«እማዬ፣ እዘዪኝ!»

የዚህ ወር ጠያቂዎች ተመካክረው የጻፉ ይመስላሉ። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ልጆች እግር ናቸው። ቶሎ ይደክመዋል፣ ይወድቃል፣ እግሩ ደጋን መሰለ፣ እዘሉኝ እያለ ያስቸግራል። አራቱን መርጫለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ብዙዎቻችሁ «ዶክተር» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ዶክተር አይደለሁም፤ ጎንደር ተምሬ ጎጃም የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አንድ የማቻክል አባት «ወጌሻዋ» ብለውኛል፤ እሱም ቅር አላለኝም።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኗታል። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከቤት እስከ መዋዕለ ሕፃናቷ በእኔ እርምጃ ሃያ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፤ ግማሹ ዳገት ነው። እኩሌታውን ሳንጨርስ «እማዬ፣ እግሬን ደከመኝ፣ እዘዪኝ» ትላለች። የጎረቤታችን ልጅ በእሷ ዕድሜ እየሮጠ ነው የሚሄደው። ማታ ማታ «እግሬን እሺልኝ» ትለኛለች፤ ጠዋት ግን ምንም የላትም። ስትቀመጥ ጉልበቷን አጥፋ ሁለቱንም እግሯን ወደ ውጭ ዘርግታ መሬት ላይ ዘፍ ትላለች፤ እኔ እንደዚያ ልቀመጥ ብል የምሰበር ይመስለኛል። አማቴ «አቀማጠልሻት» ይላሉ። ባለቤቴ ወጌሻ እናሳያት ይላል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የአማትሽን ነገር ለጊዜው ተዪው። ሰነፍ ልጅና የደከመ ልጅ ይለያያሉ። ሰነፉ መንገድ ላይ የፍየል ግልገል ሲያይ ድካሙ ጠፍቶ ይሮጣል። የደከመው ግልገሏን አይቶ ይስቃል እንጂ ከተቀመጠበት አይነሳም። ልጅሽ የትኛዋ እንደሆነች በአንድ ሳምንት ውስጥ ታውቂያለሽ።

ደግሞ ሃያ ደቂቃው የአንቺ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ቁመት አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንቺ አንዴ ስትራመጂ እሷ ወደ ሁለቴ ትራመዳለች። አረማመዳቸው እንደ ትልቅ ሰው የሚስተካከለው እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ጉልበት ያባክናሉ። ዳገቱን ጨምሪበት። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ከባሕር ዳር የመጣ ጎረምሳ እንኳ ዳገቷ ላይ ሲያለከልክ አይቻለሁ። ስለዚህ እኩሌታውን በእግሯ ከሄደች እኔ «አበጀሽ» ነው የምላት።

ያም ሆኖ የጻፍሽው ነገር አንድ ጥርጣሬ ያሳድርብኛል። እግር ወደ ውጭ ዘርግቶ መቀመጡ፣ የማታው ሕመም፣ ቶሎ መድከሟ፣ ሦስቱ ሲገጥሙ ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያ ልልነት ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ከሌላው ልጅ ይልቅ ይለጠጣል። ጅማቱ ያልያዘውን ጡንቻው ይይዛል፤ ስለዚህ ጡንቻዋ ቆማ እያለችም ሥራ ላይ ነው። ድካሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። አውራ ጣቷን ወደ ክንዷ እጠፊው፤ ሳያማት ክንዷን ከነካ፣ ክርኗና ጉልበቷም ስታቃናቸው ወደ ኋላ ከጎበጡ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። አንቺስ በልጅነትሽ እንዲህ ታደርጊ ነበር? በዘር ይመጣልና ነው የምጠይቅሽ። ይህ ልጆች ላይ በብዛት የሚታይ ነገር ነው፤ ሲያድጉም አብዛኞቹ ይጠነክራሉ። አቀማመጧም በራሱ ዳሌዋን አያበላሽም፤ ስለመቀመጧ አትቆጪያት።

እኔ ጋ ልጅ ሲመጣ እናትየው ገና ሳትናገር ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለችውን የልጁን አካሄድ አያለሁ። ቀጥሎ ጫማ አስወልቄ ሶሉን እገለብጣለሁ። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ። የቀኝ ጫማው አዲስ ይመስላል። የግራው ጫፍ ግን አይጥ የበላው ይመስል ተቦድሶ ጣቱ ሊወጣ ደርሷል። እናቱ «ኳስ እየመታበት ነው» አለችኝ። ኳስ የሚመታው በቀኙ ነበር! ግራ እግሩ ሲራመድ በደንብ አይነሳም፤ ጫፉ መሬት ይጭራል። ከግራ እጁ ይልቅም በቀኙ ዕቃ የሚይዘው ገና ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ኖሯል። ሲወለድ አካባቢ አንጎሉ ላይ የደረሰ ቀላል ጉዳት ነበር፤ አምስት ዓመት ሙሉ ያወቀ ሰው የለም። እና እህቴ፣ ዛሬ ማታ የልጅሽን ጫማ ገልብጠሽ እዪ። ሁለቱ እኩል ካለቁ አንድ ጭንቀት ወረደልሽ።

ከዚያ መሬት ላይ አስቀምጠሽ ተነሺ በያት። እጇን ጭኗ ላይ ሳትደገፍ ብድግ ካለች ጥሩ ነው። በጣቶቿ ጫፍ ቁሚ በያት፤ ያኔ ጠፍጣፋው የእግሯ መዳፍ ጎድጎድ ካለ ጠፍጣፋነቱ አያስጨንቅም። በአንድ እግሯ ጥቂት ሰከንድ ትቁም፣ ትዝለል። የዓይኗን ሽፋን ውስጡን ገልበጥ አድርገሽ እዪ፤ ከነጣ ደም ማነስ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ወስደሽ ደሟንና ሰገራዋን አስመርምሪ። በእኛ አካባቢ የመንጠቆ ትል በባዶ እግር በኩል ይገባና ደም ይመጥጣል፤ ከዚያ በኋላ ልጅ ደከመው ብንል ምን ይገርማል?

ወጌሻ አያስፈልጋትም። ልል መገጣጠሚያ ተጎትቶ አይጠብቅም፤ የሚያጠብቀው ጡንቻ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ትጫወት፣ ገመድ ትዝለል፣ ደረጃ ትውጣ፣ ቁጢጥ ብላ ምስር ትልቀምልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከዚያ ውስጥ 60ው ላብ የሚያመጣ ዓይነት። አትፍሪ፣ በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ተደማምሮ ነው። ጫማዋ ተረከዙ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ሸበጥ አድርጋ ዳገት አትውጣ። «እያደገች ታደርገዋለች» ብለሽ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ከገዛሽላት ደግሞ ግማሽ ድካሟ ጫማውን መጎተት ነው። ከጣቷ ፊት የአውራ ጣትሽ ስፋት ያህል ይበቃል።

መንገዱን ቆራርጪው። እዘዪኝ እስክትልሽ አትጠብቂ፤ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብለሽ አንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ደቂቃ አረፍ በሉ። ከጨነቃት እዘያት፣ ኃጢአት የለውም፤ ግን ዳገቱ ሲያልቅ አውርጃት። ደብተር ያዢና እዘዪኝ ያለችበትን ቦታ ጻፊ። ሰኞ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ማክሰኞ ባሕር ዛፎቹ ጋ። በወሩ መጨረሻ ቦታው ወደ ትምህርት ቤቱ እየቀረበ ከሆነ መንገድ ላይ ነሽ። የጎረቤትሽን ልጅ እዚያ ደብተር ላይ አትጻፊው። ቦታው ወደ ቤት እየተመለሰ ከሄደ ግን፣ ወይም ጠዋት ስትነሳ ካነከሰች፣ አንድ እግሯን ብቻ ካመማት፣ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለባት፣ ሕመሙ ከእንቅልፏ እየቀሰቀሰ የሚያስለቅሳት ከሆነ፣ ደብተሩን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። በሃያ ወሩ ነው የሄደው። እግሩ ደጋን ይመስላል፤ እንደ ዳክዬ ወዲያና ወዲህ እያለ ይሄድና ጥቂት ሳይራመድ ቁጭ ይላል። እናቴ በአንቀልባ ብዙ ስለታዘለ ነው ትላለች። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንቀልባውን በከንቱ አትክሰሰው። ሕፃን እግሩን ከፈት አድርጎ መታዘሉ ለዳሌው እንዲያውም ጥሩ ነው።

እስከ ሁለት ዓመት አካባቢ የልጅ እግር ደጋን መምሰሉ ተፈጥሮ ነው። በሦስትና በአራት ዓመቱ ደግሞ ተገልብጦ ጉልበቶቹ ይነካካሉ። ሰባት ዓመት ገደማ ይቃናል። እግሩን ብቻ ብትጽፍልኝ ኖሮ ቆይ ጠብቅ እልህ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ሃያ ወሩ ነው። በ18 ወሩ ብቻውን ያልሄደ ልጅ መታየት አለበት።

የእጁን አንጓ ያዘው። ወፍሮ እንደ ቋጠሮ ከሆነ፣ ጥርሱ ከዘገየ፣ የጎን አጥንቱ ጫፍ በእጅህ ስትዳስሰው እንደ መቁጠሪያ ከሆነ፣ ሪኬትስ ሊሆን ይችላል። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ነው። በአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር እንዴት? እንደዚህ ነው፦ ልጁ ይወለዳል፣ ምች እንዳይመታው ዓይን እንዳያየው ተብሎ በጋቢ ተጠቅልሎ ጨለማ ጓዳ ይከርማል። ፀሐይ ደጅ ናት፣ ልጁ ጓዳ። በመስኮት መስታወት ያሞቅነውም አይቆጠርም፤ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል።

ጤና ጣቢያ ውሰደው። ሪኬትስ ከሆነ መድኃኒቱ ያው ቫይታሚን ዲ ነው፤ የታዘዘውን ያህል ብቻ ስጠው፣ ሲበዛ ይጎዳል። በዚህ ዕድሜ ከታከመ አጥንቱ እያደገ ይቃናል። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅና እግሩን ገልጠህ ደጅ አጫውተው። ወተትና እንቁላል አይቅርበት፤ በዚህ ዕድሜው ጾም የለበትም። እናትህንም ከፀሐይ ጋር አስታርቃቸው፤ እሱ ከመድኃኒቱ ሊከብድ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ ቢቸና አካባቢ የምኖር ሴት ነኝ፤ ይህን የጻፈችልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። የልጄን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቱ ነው። አምና ከብት ይከተል ነበር። ዘንድሮ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይወድቃል። ሲነሳ በእጁ ጉልበቱን ከዚያ ጭኑን እየገፋ፣ እንደ ሽማግሌ ነው የሚነሳ። ባቱ ግን ወፍራም ነው፤ የጠነከረ ይመስላል። ሰዉ ጓያ ሰብሮት ነው ይለኛል። እሸቱን ቀምሶ ያውቃል።

መልስ፦ እማማ፣ ያዩበት ዓይን የሐኪም ዓይን ነው። ስለ ጓያው ልንገርዎ። ጓያ ይሰብራል፣ እውነት ነው፤ ጎጃምም ያውቀዋል። የሚሰብረው ግን ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። እሸት በመቅመስ፣ በእንፋሎቱ ወይም በገለባው አይመጣም። ጓያ የሰበረው ሰው ደግሞ እግሩ ይገትራል፣ ይደርቃል። የእርስዎ ልጅ ጡንቻው ደክሞ ነው በእጁ የሚታገዘው።

እና አልደብቅዎትም። በእጅ ጭንን እየገፉ መነሳት፣ የወፈረ ባት፣ አምና የሚችለውን ዘንድሮ ማቃት፣ ሦስቱ ወንድ ልጅ ላይ ሲገኙ ዱሼን የሚባለውን የጡንቻ በሽታ እንድጠረጥር ያደርጉኛል። በደብዳቤ ነው ብዬ አልፈርድም። የሚመስሉት ሌሎች በሽታዎች አሉ፤ ከእነሱም የሚድኑ አሉ። ለዚህ ነው ዛሬ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር ያጽፉ የምልዎት። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ያየዋል፤ ክሬያቲን ኪናዝ የሚባል የደም ምርመራ እንዲታዘዝለት ይጠይቁ። ይህችው የጻፈችልዎ ልጅ ከመሬት ሲነሳ በስልኳ ቪዲዮ ትቅረጸው። ሐኪሙ ፊት ልጁ አፍሮ ላይነሳ ይችላል፤ ቪዲዮው ይናገርለታል።

ዱሼን ቢሆንስ? ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት የለውም። ግን መራመዱን የሚያራዝም መድኃኒት አለ፣ ጅማቱ እንዳያጥር የሚሠራ ስፖርት አለ፣ የልብ ክትትል አለ። ቀድሞ የታወቀለትና ሳይታወቅ የቆየ ልጅ አንድ አይደሉም። እስኪታይ ድረስ ይጫወት፣ ሲደክመው ይረፍ፣ በኃይል አያሹት፣ ዳገት በግድ አያስወጡት። አንድ ነገር ልለምንዎ። ይህ በሽታ በእናት በኩል በዘር ሊመጣ ይችላል ሲባል ይሰሙ ይሆናል። እናትየዋ ጥፋት የለባትም፤ እንዳይወቅሷት።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። አምና ጥምቀት ታቦት አጅበን ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ አልሄድም ብሎ መሬት ተኛ። በሰው ፊት አፈርሁ። ዘንድሮ ቤት ልተወው?

መልስ፦ ምን በወጣው! ሌላ ቀን ሲጫወት ደህና ነው? ከሆነ እግሩ ምንም አልሆነም። ታቦት ማጀብ መራመድ ብቻ መሰለህ? ሁለት እርምጃ ሄዶ መቆም፣ እንደገና መቆም፣ ከትልልቅ ሰው ወገብ በታች ሆኖ ምንም ሳያዩ መገፋት ነው። ለልጅ መቆም ከመሮጥ ይከብዳል። ጠዋት ቁርስ አብላው፣ ዳቦና ውኃ ያዝለት፣ ጥላ ስር አሳርፈው። መመለሻው ላይ ደግሞ አንገትህ ላይ አስቀምጠው፤ አምና የሰው ጀርባ ብቻ ነው ያየው፣ ዘንድሮ ታቦቱን ይይ።