ሽማግሌ ሊልክ ነው፣ እኔ ግን ድምፁ ከፍ ሲል እደርቃለሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ 29 ዓመቴ ነው። በ7 ዓመቴ ከገጠር አምጥታ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ ማሳደግ ከተባለ። ዕቃ ከሰበርኩ ነጠላ አልብሳ በበርበሬ ታጥነኝ ነበር፣ ሳሌን ሰምተው በር የሚያንኳኩት ጎረቤታችን እማማ ብቻ ነበሩ። አሁን ጥሩ ልጅ ይዣለሁ፣ 2 ዓመት ሆነን፣ ግን ድምፁ ትንሽ ከፍ ካለ አለቀልኝ፣ ባለፈው ስልክ ላይ ከሰው ጋር ሲጨቃጨቅ እንኳ ጭልፋ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እሱ "ኩርፊያሽ ሰለቸኝ፣ አትወጂኝም" ይለኛል። ሽማግሌ ልልክ ነው ብሏል፣ የምትቀበለው ደግሞ ያቺው አክስቴ ናት። ልንገረው? ለትዳር የምሆን ሰውስ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኩርፊያ አይደለም። ያኔ ብትጮሂ ጭሱ ይብስብሽ ስለነበር ሰውነትሽ ዝም ማለትን ለመደ፣ ዛሬም ጩኸት ሲሰማ አንቺን ሳያስፈቅድ ይቆልፋል።

ሃዋይ ውስጥ ካዋይ የምትባል ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ኤሚ ወርነር የምትባል ሳይኮሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር እስከ 40 ዓመታቸው ተከታትላቸዋለች። በድህነትና በተበጠበጠ ቤት ካደጉት ሲሶው ያህል ደህና ሆነው ወጡ፣ እኔን የሚገርመኝ ግን በጉርምስናቸው ተበላሹ ከተባሉትም ብዙዎቹ ጎልማሳ ሲሆኑ ተስተካክለው መገኘታቸው ነው፣ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ጥሩ የትዳር ጓደኛ። ስለዚህ ትሆኛለሽ።

ንገሪው፣ ግን በጠብ መሃል አይደለም፣ ቀን ላይ ወክ እያደረጋችሁ ይሻላል፣ ፊት ለፊት መፋጠጡ ይከብዳል። ሁሉንም መዘርዘር የለብሽም፣ "ድምፅህ ከፍ ሲል የምደርቀው ከልጅነቴ ነው፣ ያኔ ቀስ ብለህ ስሜን ጥራኝ" በቂ ነው። ከዛ እሱን እዪው። ቀስ ብሎ ከጠራሽ እሰየው፣ በሚቀጥለው ጠብ ይሄንኑ አንስቶ ከወረፈሽ ግን ሽማግሌው ይቆይ። ሌሊት የሚያባንንሽ ወይ ሲነካሽ የሚያስበረግግሽ ነገር ካለ ሳይኮሎጂስት ማየት ደግሞ አያሳፍርም፣ አብራችሁም መሄድ ትችላላችሁ።

የአክስትሽን ነገር ብዙ ሰው "አሳድጋሻለች፣ ይቅር በያት" ይልሻል። ይቅር ማለት ሌላ፣ ሽማግሌ የምትቀበልበትን ወንበር መስጠት ሌላ። ያ የካዋይ ጥናት ላይ ደጋግሞ የሚመጣው ከቤት ውጪ የሆነ አንድ የሚያስብ ትልቅ ሰው ነው፣ አያት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት። ላንቺ ያ ሰው በር የሚያንኳኩት እማማ ናቸው። በሕይወት ካሉ ሄደሽ ጠይቂያቸው፣ ሽማግሌውን እሳቸው ይቀበሉልሽ። አክስትሽ ትከፋለች፣ ትከፋ።