ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ስለ ፀጉር ሊወሰን የሚገባው

ውድ እህታችን፣ ታናሽ እህትዎ በሚቀጥለው ወር ለጡት ካንሰር ኬሞ (ካንሰርን በመድኃኒት የማከም ዘዴ) እንደምትጀምር ጠቅሰው፣ ፀጉሯን ከመርገፍ ማዳን ይቻል እንደሆነ፣ የጉሎ ዘይትና ጥቁር አዝሙድስ ይረዱ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ከአራት ዓመት በፊት «ቀዩ መድኃኒት» የሚባለውን አድሪያማይሲንን ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር፣ ቀጥሎም ፓክሊታክሰል የተባለውን ሌላ የኬሞ መድኃኒት ስለወሰድኩ፣ ያየሁትንና ያኔ ሐኪሞቼን ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገርዎት። አስቀድሜ የምለው ግን የራስ ቆዳን አቀዝቅዞ የፀጉርን መርገፍ የሚቀንሰው የማቀዝቀዣ ኮፍያ የሚጠቅመው ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከተደረገ ስለሆነ፣ እህትዎ መጠየቅ ያለባት ዛሬ ነው፤ ፀጉሯ መርገፍ ከጀመረ በኋላ ብዙም የሚያድን ነገር አይኖርም።

ኬሞ በፍጥነት የሚባዛ ሕዋስን ሁሉ ይመታል። በራሳችን ላይ ካለው ፀጉር ከመቶ 90 ያህሉ ምንጊዜም በማደግ ላይ ስለሆነና የሥሩ ሕዋሳት ያለ ዕረፍት ስለሚባዙ፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ያገኛቸዋል። መርገፉ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ቅንድብና ሽፋሽፍት በአብዛኛው በዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ ዘግይተው ይሄዳሉ፤ ኮፍያውም እነሱን አያድንም። «ፀጉሯ ካልረገፈ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው» የሚል ዘመድ ይመጣ ይሆናል፤ የእኔም አክስት ብለውኛል። የፀጉር መርገፍ መድኃኒቱ ዕጢውን ማጥቃት አለማጥቃቱን አያሳይም።

ኮፍያው በውስጡ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚዘዋወርበት ሲሆን፣ የራስ ቆዳ ሲቀዘቅዝ የደም ሥሮች ስለሚጠብቡና የሕዋሳቱ ሥራ ስለሚዘገይ ወደ ፀጉሩ ሥር የሚደርሰው መድኃኒት ይቀንሳል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ይደረግና ካለቀም በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ለጡት ካንሰር ፈቀደ። በ2017 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በታተመ ጥናት፣ ኮፍያውን ካደረጉት 95 ሴቶች 48ቱ ከግማሽ በላይ ፀጉራቸውን አላጡም፤ ኮፍያ ካላደረጉት 47 ሴቶች ግን አንዷም አልተረፈላትም። ይሁን እንጂ ውጤቱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ ከፓክሊታክሰልና ከመሰሎቹ ጋር የተሻለ ሲሠራ፣ ከቀዩ መድኃኒት ጋር ግን በጣም ይደክማል። የእህትዎ ዙር በየትኛው እንደሚጀምር መጠየቅ ያለብዎት ለዚህ ነው።

የእኔ ታሪክ ከቁጥሩ ይለያል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ራሴን አጥቤ፣ ሹሩባዬን ፈትቼ፣ በሚዶ አበጥሬ ሄድኩ፤ እንዲህ ይሻላል ብዬ ነበር። ፀጉሬ ተነፍቶ ኮፍያው ትራስ ላይ እንደተቀመጠ ሆነ፣ መሃል አናቴ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው፣ ማንም አላስተዋለውም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ግንባርን የሚሰብር ቅዝቃዜ ናቸው፤ ከዚያ ይደነዝዛል። በሁለተኛው ዙር ሌላ ነርስ ፀጉሬን በውኃ አረጠበችው፣ ኮንዲሽነር ቀብታ በመስመር እየከፈለች ወደ ራስ ቆዳዬ አጣበቀችው፣ ኮፍያውም ልክ ሆነ። ግን ቀድሞ በ17ኛው ቀን የአናቴ ፀጉር በሚዶው ላይ በእፍኝ ወጥቶ፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ራሰ በራ ቀርቶ ነበር። ከጆሮዬ በላይ ያለው ሳስቶ ቆየ፤ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ብርዱም ወጪውም ስለከበደኝ ተውኩት፣ ሻሽ አሠርኩ። ችግሩ የእኔ ብቻ አይደለም፤ በጥቁር ሴቶች ላይ እዚህ አሜሪካ የተደረገ አነስተኛ ጥናት በቂ ውጤት ስላልታየበት አስቀድሞ ቆሟል። ለስላሳና ቀጥ ያለ ፀጉር ላላቸው የተነገረውን መቶኛ ለእኛ እንዳለ መውሰድ አይገባም።

ስለ ጉሎ ዘይትና ጥቁር አዝሙድ፦ በኬሞ የሚረግፍ ፀጉርን እንደሚያስቀሩ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። የጉሎ ዘይት ለደረቀ ቆዳ ጉዳት ላይኖረው ይችላል፤ ጥቁር አዝሙድን እንደ መድኃኒት አብዝታ የምትውጥ ከሆነ ግን ለሐኪሟ ሳትነግር አታድርግ። ፀጉር ለማብቀል የሚቀባው ሚኖክሲዲልም መርገፉን አይከለክልም፤ በ1996 የታተመ አነስተኛ ጥናት እንዳሳየው ግን ፀጉር ሳይኖር የሚቆይበትን ጊዜ በ50 ቀን ገደማ አሳጥሯል። ቅዝቃዜው የካንሰር ሕዋስ በራስ ቆዳ ላይ ሳይሞት እንዲቆይ ያደርጋል የሚለው ስጋት በጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች አልተረጋገጠም፤ ለደም ካንሰር ግን ኮፍያው አይመከርም።

ስለዚህ ስትደውል፦ ሆስፒታሉ ኮፍያ አለው ወይ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ኢንሹራንስ ምን ያህል ይከፍላል፣ እንደ እኛ ያለውን ወፍራምና ጥምዝ ፀጉሯን ለኮፍያው ማን ያዘጋጅላታል ብላ ትጠይቅ። ካልሆነም ሐኪሟ ለዊግ ማዘዣ እንዲጽፍላት ታድርግ፤ አንዳንድ ኢንሹራንስ በሐኪም ማዘዣ የተገዛ ዊግን ይሸፍናል። እኔ ኬሞው ካበቃ በሦስተኛው ወር የጣት ጥፍር የሚያህል፣ ከቀድሞው የለሰለሰና ሽበት የቀላቀለ ፀጉር በቀለልኝ፤ ልጄ «የበግ ግልገል» ይለኝ ነበር።