ግንቡ ቅርብ ነው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የማራኪው አንባቢ፦ በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር፣ ሞናኮ ላይ መኪኖቹ ለምን አይቀዳደሙም?

መንገዱ ጠባብ፣ መኪናው ሰፊ። አለቀ።

የአራዳዋ አንባቢ፦ ፋሲል ግንብን የሚዞር የመኪና ውድድር ቢኖር ስንት ቱሪስት ይመጣ ነበር?

የአዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ አድርጋዋለች። መንገዱ የጥንቱን ከተማ ግንብ ታክኮ ያልፋል፤ አንድ ቦታ ላይ ስፋቱ 7.6 ሜትር ብቻ ነው። ጣጣው ግን ብዙ ነው። የከተማ መንገድ ውሃ እንዲወርድበት መሃሉ ጎበጥ ይላል። የዜብራው ቀለም ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ከሁሉም የሚብሰው የጉድጓድ ክዳኑ ነው። መኪኖቹ ሲፈጥኑ ከሥራቸው ያለው አየር ይሳሳል፤ ያ ስበት በደንብ ያልታሰረ ክዳን ይነቅላል። ለዚህ ነው ክዳኖቹ ቀድመው የሚበየዱት። እ.ኤ.አ. በ2023 ላስ ቬጋስ ላይ ልምምዱ በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ የተወዳዳሪውን የካርሎስ ሳይንዝን ፌራሪ ከሥር የመታው እንዲህ ያለ ብረት ነው። የተበላሸው ዕቃ ስለተቀየረለት፣ ባላጠፋው ጥፋት በውድድሩ መነሻ ሰልፍ ላይ 10 ደረጃ ወደ ኋላ ተቀጣ። እኔ ለግንባችን እሳሳለታለሁ። ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ከመተማ ጭነት የሚያመላልሰው አንባቢ፦ ጎንደር ስደርስ መኪናዬ ጉልበት ታጣለች።

ከፍታው ነው፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የፎርሙላ ዋን ሰዎችም ሞተርና ፍሬን ለማቀዝቀዝ በዚሁ ምክንያት ይቸገራሉ። ለማንኛውም የአየር ማጣሪያውን መካኒክ ይይልህ።

የአዘዞዋ አንባቢ፦ ታናሽ ወንድሜ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በሞተር ይሽቀዳደማል። ትናንት ወድቆ ራሱን ተመታ። ደህና ነኝ ይላል፤ ግን ያስመልሰዋል።

እህቴ፣ ለአንቺ ወዲያው መልሼልሻለሁ፤ እዚህ የምደግመው ለሌሎች ነው። ራሱን ተመትቶ የሚያስመልሰው፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰው አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂድ። ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ይተኛና ይሻለዋል፣ ነገ እናያለን አይባልም።

ሲድን ደግሞ ይህን ንገሪው። እነዚያ የሚያደንቃቸው የፎርሙላ ዋን ሹፌሮች የሚነዱት በተዘጋ መንገድ ነው። ግራና ቀኝ አጥር አለ። በመጀመሪያው ዙር ሐኪም የያዘ መኪና ከኋላቸው ይከተላል። ሞናኮ ላይ በጠባቡ ኩርባ እነሱም ፍጥነታቸውን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያወርዳሉ። አዘዞ መንገድ ላይ ግን መብራት የሌለው ባጃጅ አለ፤ አህያ የሚነዳ ልጅ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናት አለች። ማንም መንገዱን አልዘጋላቸውም።

ሐኪሙ ሲጠይቅ መውደቁን አትደብቁ። ስንት ሰዓት ላይ እንደወደቀ፣ ሄልሜት ማድረግ አለማድረጉን፣ ራሱን ስቶ እንደነበርም ንገሩት።